የቋጠሮው ምልክት

በጅቡቲ ከተማ መውጫ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያድሩበት ፒኬ 12፣ ሻይ እየሸጠች የምትኖር አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። ኮምቦልቻ ላሉት እናቷ ሁለት ድሪያ፣ አንድ ሽቶ፣ የዱቄት ወተትና በልብሱ እጥፋት ውስጥ የተሸሸገ ብር አዘጋጀች። ሁሉንም ከረጢት ውስጥ ከትታ አፉን በሲባጎ ጥብቅ አድርጋ ሰፋችው። ከላይ የራሷን ስም፣ የእናቷን ስምና ስልክ ጻፈችበት።

ከረጢቱን ለምታውቀው ሾፌር ስትሰጥ «ጋሼ፣ ምልክት ላልነገረዎት ሰው እንዳይሰጡብኝ» አለችው። «ምልክቱ ቦራ ነው፤ የልጅነት ላማችን ስም።» ለእናቷም ደውላ ይህንኑ ነገረቻቸው።

ሾፌሩ ጋላፊን ተሻግሮ፣ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ ገባ። መኪናው ከቆመበት ግቢ አንድ ወጣት ጋቢና ውስጥ ያለውን ከረጢት በመስኮት አየ። ስፌቱን አልነካም። ከላይ የተጻፈውን አነበበና ራቅ ብሎ ደወለ።

«እማማ፣ የሾፌሩ ረዳት ነኝ። ልጅዎ ከጅቡቲ እቃ ልካልዎታለች። እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ። ምልክቱን ብቻ ቶሎ ይንገሩኝ፤ መኪናው ሊነሳ ነው።»

እናት ደስታውም ጥድፊያውም አንድ ላይ መጣባቸው። «ቦራ ነው ልጄ፤ አላህ ይስጥህ» አሉት።

ወጣቱ ሾፌሩ ዘንድ ቀረበ። «እናቷ ልከውኝ ነው። ምልክቱ ቦራ።» ሾፌሩም በታዘዘው መሠረት ከረጢቱን አስረከበው።

እናት ቡና አፍልተው እስኪመሽ ጠበቁ። በማግስቱ ግቢው ድረስ ሲሄዱ ሾፌሩ ራሱን ያዘ። «እናቴ፣ እኔ ምልክት ልጠይቅ ደውዬ አላውቅም። ምልክት የሚነገረው እቃው ፊት ቆሞ ነው» አላቸው።

ከወራት በኋላ ሌላ ቋጠሮ ተላከ፤ ምልክቱም ተለወጠ። የማያውቁት ቁጥር ደወለ፤ ድምፁ እንደ ፊተኛው ትሁት ነበር። እናት አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። «እኔው እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ይህ ምሳሌ የየስልካችን ነገር ነው። ጅቡቲ የኢትዮጵያ እቃ ወደብ ብቻ አይደለችም፤ በባሕር ስር የተዘረጉ የፋይበር ኬብሎች የሚወጡባት፣ ከመልእክታችንም ብዙው የሚያልፍባት በር ናት። ስለ መልእክት ጥበቃ የሚነገሩት ቃላት ባዕድ ይመስሉናል፤ ነገራቸውን ግን እቃ በሾፌር ስንልክ ኖረንበታል።

ስፌቱ ምስጠራ ነው፤ ኢንክሪፕሽን የሚሉት። ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መልእክትን ከላኪው እስከ ተቀባዩ እንደተሰፋ ያደርሳል፤ ኩባንያው ራሱ መሐል ላይ ፈትቶ አያነበውም። ቴሌግራም እንዲህ የሚሰፋው «ሲክሬት ቻት» ሲከፈት ነው፤ በተለመደው ጭውውት መፍቻው ኩባንያውም ዘንድ አለ።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሜታዳታ ነው፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ከየት እንደላከ። ይህን ስፌት አይሸፍነውም፤ ሌባውም የተነሳው ከዚሁ ነበር። ምልክቱ በአጭር መልእክት የሚደርሰን የማረጋገጫ ኮድ ነው። የታመነ ሰው መስሎ ምስጢር ማስወጣት ደግሞ ፊሺንግ ይባላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የምንለው በመጀመሪያው ምልክት ላይ ሌላ መጨመር ነው፤ አንደኛው ቢያፈተልክ ሁለተኛው በሩን ይይዛል።

እናትየዋን ማንም ሞኝ ናቸው አይበል። የተያዙት በልጃቸው ፍቅርና በተጣለባቸው ጥድፊያ ነው፤ ሁላችንም በዚያ በኩል ክፍት ነን። በረሃ ላይ ሻይ ተሽጦ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቃል ሲወሰድ ማየት ያማል። ዛሬ ገንዘቡ በከረጢት ሳይሆን በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ሲሄድ፣ ቃሉ ስድስት አኃዝ ሆኗል። ከባንኩ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ ብሎ ያን አኃዝ የሚጠይቅ ሰው ሲደውል ስልኩን እንዝጋ። ከዚያ መተግበሪያውን በራሳችን ጣት እንክፈት፤ ወይም ድርጅቱ ባሳወቀው ቁጥር እኛው እንደውል። «እኔው እመጣለሁ» ማለት ይኸው ነው።