የጁሙዓ ማስታወሻ፦ «አትነሺ» ከማለታችን በፊት



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ ከራሴ ቤት ልጀምር። እናቴ የምትኖረው ደሴ ነው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄጄ ክንዷ በልዞ አየሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም አይደል፣ ግድግዳ ገጭቶኝ ነው» አለችኝ። አብራት የምትኖረውን እህቴን ብጠይቃት እሷም አታውቅም። እውነቱን የነገረችኝ ማታ ሁለታችን ብቻችንን ስንቀር ነው። ከሦስት ቀን በፊት ለሱብሒ ተነስታ ጓሮ ካለው ቧንቧ ውዱእ ስታደርግ፣ ግራ እግሯን ለማጠብ አንስታ በቀኟ ብቻ እንደቆመች፣ እርጥቡ ሲሚንቶ አዳልጧት ወድቃለች። ማንንም ሳትጠራ እየዳኸች ገብታ፣ ተቀምጣ ሰግዳ ተኝታለች።

በጣም ደነገጥኩ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ሳስበው ግን ዛሬም አፍራለሁ። «ከእንግዲህ ብቻሽን አትነሺ፣ ጓሮም አትውጪ፣ የምትፈልጊውን ሁሉ ያምጡልሽ» ብዬ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ አስጠንቅቄ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ደግ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ እናቴ ከመቀመጫዋ ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋት ነበር። እግሯ ሟሟ። ጎረቤት ቡና መጠጣት ቀርቷል። እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እኔ የፈራሁት መውደቁን አልነበረም፤ ይህንኑ ነበር። ከሰማህ እንደምታስቀምጠኝ አውቅ ነበር። የደበቅሁህም ለዚሁ ነው።»

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙ አረጋውያን መውደቃቸውን የሚደብቁት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ «አትነሺ፣ አትነሳ» ስንል ከአደጋ የጠበቅናቸው ይመስለናል። እግር ግን ካልቆሙበት ይደክማል። የደከመ እግር ደግሞ በቀላሉ ይወድቃል። በመጀመሪያው ውድቀት ያልተሰበረው ሰው፣ በፍርሃትና በመቀመጥ ብዛት ለሁለተኛው ይዘጋጃል ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ፣ እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘን በኋላ ለወላጆች በጎ መዋልን አስከትሏል። እኛ ዘንድ ሆነው ለእርጅና ሲደርሱ ትንሿን የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳንሰነዝርባቸው፣ የመዋረድንም ክንፍ በእዝነት ዝቅ እንድናደርግላቸው አዞናል። ይህን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናስበው ምላሳችንን ነው። በጎ መዋል ግን አንደበት ብቻ አይደለም። እናት በራሷ እጅ ውዱእ ማድረጓን፣ በራሷ እግር ለጌታዋ መቆሟን፣ ጀበናዋን ራሷ መጣዷን ትወደዋለች። ይህን ክብሯን መጠበቅም በጎ መዋል ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመቀመጫቸው ሲነሱ ያደርጉት ከነበረው ዱዓ አንዱን ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አስተላልፎልናል። መስማታችንን፣ ማየታችንንና ጉልበታችንን በሕይወት እስካለን ድረስ እንዲያቆይልን አላህን የሚለምን ዱዓ ነው። ቲርሚዚ ዘግበውታል። እስከ መጨረሻው በራስ ዐይን ማየትን፣ በራስ ጉልበት መንቀሳቀስን ከአላህ መለመን እንግዲህ ሱና ነው። ዱዓ ያደረግንበትን ነገር ደግሞ በሰበብ ልንከተለው ይገባል።

«መውደቅማ የአላህ ቀደር ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። አዎ፣ ቀደር ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነው የነገሩት። የእናታችንን የውዱእ ቦታ ሳናስተካክል «ተወከልቱ» ማለት ግመሏን ሳያስሩ መሄድ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ገደማ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሆን ተብሎ ካልደረሰ ጉዳት ከሚመጡ ሞቶች፣ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት መውደቅ ነው። ከሟቾቹ የሚበዙትም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ደግነቱ፣ ብዙውን መከላከል ይቻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቤቱን መንገድ እናጽዳ። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም በሐዲሥ እናውቃለን። አባታችን በሌሊት ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት የሚሄድበት መንገድስ መንገድ አይደለም? ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ ያን መንገድ እናንተው ሂዱበት። ጫፉ የተጠቀለለ ስጋጃ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ በር ላይ የቀረ ባልዲ፣ በጨለማ የማይታይ ደፍ ታገኛላችሁ። አንሱት፣ አስተካክሉት። መብራት ስለሚጠፋ ትራሳቸው አጠገብ ባትሪ ይኑር። ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ ማዘጋጀት ነውር የለውም። ተረከዝ የሌለውን፣ ያለቀና የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ አውጥታችሁ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ግዙላቸው።

ሁለተኛ፣ የውዱእ ቦታ። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ሰዓቱ ጨለማ ነው፣ አንድ እግር ይነሳል። ለአረጋዊ ሰው ከዚህ የባሰ አይገኝም። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፦ የማይነቃነቅ በርጩማ፣ ከጎኑ ግድግዳው ላይ በደንብ የተመታ መደገፊያ ብረት፣ ሸካራ ወለል። ተቀምጦ ውዱእ ማድረግ አጅር አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ እግር ይሥራ። በብዙ አረጋውያን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሚዛንን መጠበቅና እግርን ማጠንከር የሚያስተምሩ እንቅስቃሴዎች መውደቅን በሩብ ገደማ እንደሚቀንሱ ታይቷል። ጂም አያስፈልግም። ከጠንካራ ወንበር፣ ከተቻለ እጅን ሳይደገፉ፣ ተነስቶ መቀመጥ፤ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር ለጥቂት ሰከንድ መቆም፤ ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ። በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በሳምንት ሦስት ቀን ከዘወተረ ለውጡ ይታያል። መጀመሪያ ላይ አጠገባቸው ቁሙ። ሰላት ዒባዳ ነው እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ሆኖም በቀን አምስት ጊዜ ከሩኩዕ ወደ ሱጁድ፣ ከሱጁድ ወደ መቆም የሚመላለስ ሰው እግሩን እንደማይረሳው የታወቀ ነው። ስለዚህ መቆም የሚችለውን አባት ከመሬት ወንበር ይሻልሃል ብላችሁ ያለ ምክንያት አትቸኩሉበት።

የማይችል ደግሞ አይጨነቅ። ኪንታሮት ይዞት ስለ ሰላቱ ለጠየቀው ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ፈቅደውለታል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕድሜያቸው ሲገፋና ሰውነታቸው ሲከብድ በሚሰግዱበት ቦታ የሚደገፉበት ምሰሶ እንደነበራቸው ተነግሯል። ከሰው ሁሉ በላጩ ምሰሶ ከተደገፉ፣ ከዘራ መያዝ የሚያሳፍረው ማንን ነው? ሙሳ (ዐ.ሰ) በእጁ ስላለው ነገር ከጌታው ሲጠየቅ በመጀመሪያ የተናገረው የሚደገፍባት በትር መሆኗን ነበር። አባቶቼ፣ ከዘራውን ያዙት። ቁመቱ ግን ይለካ፦ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ክንዳችሁን ስታወርዱ መያዣው የእጅ አንጓችሁ ጋ ይድረስ። የጫፉ ጎማ ሲያልቅም ይቀየር።

አራተኛ፣ መድኃኒትና ዐይን። የእንቅልፍ ኪኒን፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ሲነሳ ያዞረዋል። በራሳችሁ አታቋርጡት። የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩና «ወድቀዋል፣ ወይም ያዞራቸዋል» በሉ። ለሱብሒ ሲነቁም ብድግ አይበሉ። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው፣ እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ዚክር ያድርጉና ከዚያ ይነሱ። ዐይናቸው ከደከመ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የዐይን ሞራ በቀዶ ጥገና ይወገዳል።

አምስተኛ፣ ከወደቁ። ተሯሩጣችሁ ብብታቸውን ይዛችሁ አታንሱ። መጀመሪያ የት እንደሚያማቸው ጠይቁ። ዳሌያቸውን ካመማቸው፣ እግራቸው መሬት መርገጥ ካቃተው፣ ወይም አንዱ እግር ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ አታንቀሳቅሷቸው፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ይጠራ። ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። የዳሌ ስብራት ግን በማሸት አይድንም፤ ራጅና ብዙ ጊዜም ቶሎ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ሳምንታትን አልጋ ላይ መጠበቅ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የጀርባ ቁስል ያመጣል። ጭንቅላታቸውን ከተመቱና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ደህና ቢመስሉም ይታዩ። ያልተጎዱ ከሆነ በጎናቸው ዞረው፣ በእጅና በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ወንበር ይዘው ራሳቸው እንዲነሱ እርዷቸው።

ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሴራሚኩ ያማረ የውዱእ ቦታ ሠርተናል፣ አልሐምዱ ሊላህ። ግን እርጥብ ሴራሚክ ያንሸራትታል። በር ላይ የተከመረው ጫማ አዛውንቱን ያደናቅፋል። ጫማቸውን ተቀምጠው የሚያወልቁበት አግዳሚ፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት፣ ውዱእ ቦታው ላይ ሁለት በርጩማ ብናኖር ሰደቃ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት አቡ በክር (ረ.ዐ) ዐይናቸው የጠፋውን ሽማግሌ አባታቸውን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዘዋቸው መጡ። ነቢዩም ሽማግሌውን እቤታቸው ብትተዋቸው እኔ ራሴ እመጣ ነበር የሚል ምላሽ ሰጡ። ድል አድርገው በገቡበት ቀን ለአንድ አዛውንት እርምጃ ያዘኑ ነቢይ ተከታዮች ነን።

በጂዳ፣ በዱባይ፣ በሌላም የባዕድ አገር ሆናችሁ ለእናቶቻችሁ የምትልኩ እህቶች፣ አላህ ሪዝቃችሁን ያስፋ። ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» ካላችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አልሐምዱ ሊላህ» ነው። «ከተደዋወልን ወዲህ ወድቀሽ ነበር? ስትነሺ ያዞርሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁም «አልቆጣሽም፣ አላስቀምጥሽም» በሏት። ያኔ ትነግራችኋለች።

እኔም ዘግይቼ ተማርኩ። ከእናቴ ጋር ተቀምጠን ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። በርጩማና የሚያዝ ብረት ብቻ ነበር የፈለገችው። ሲሚንቶውን አሸካከርነው፣ ብረቱን አስመታን። ከዐስር ሰላት በኋላ ወንበሯን ይዛ መነሳትና መቀመጥ ጀመረች፤ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ፣ ኋላ አስር ጊዜ። ወራት ወስዷል። ጉልበቷ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አላህ ከድካም በኋላ ኃይልን፣ ከኃይልም በኋላ ድካምንና ሽበትን እንደሚያደርግ በሱረቱ ሩም ነግሮናል። ባለፈው ሳምንት ግን ስደውል ስልኩን ያነሳችው እህቴ ነበረች። «እማዬስ?» አልኳት። «ከዘራዋን ይዛ ጎረቤት ቡና ሄዳለች» አለችኝ። አልሐምዱ ሊላህ።

ያ አላህ፣ የወላጆቻችንን ጉልበት፣ መስማትና ማየት በሕይወት እስካሉ ጠብቅላቸው። በፊትህ በሚቆሙበት እግር አጽናቸው። ለእነርሱ የምናዝንበትን ልብ፣ የሚበጃቸውን የምናውቅበትንም ማስተዋል ስጠን። ያለፉትን ማር፣ የታመሙትን አሽር። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።