ከእኛ በታች ለሚጠጡት

በነቢዩ በሕዝቅኤል መጽሐፍ በ34ኛው ምዕራፍ ስለ በጎች የተነገረ ተግሣጽ ይገኛል። እግዚአብሔር አስቀድሞ እረኞቹን ይገሥጻል፤ ቀጥሎም ወደ ወፈሩት በጎች ዘወር ብሎ ይወቅሳቸዋል። እነርሱ ከጠራው ምንጭ ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ የቀረውን በሰኰናቸው ረግጠው አበላሹት፤ ኋላ የመጡትም ደካሞች ያንኑ ድፍርስ ይጠጡ ዘንድ ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ልብ እናድርግ፤ የእነዚህ በጎች ጥፋት መጠጣታቸው አይደለም፤ ውኃ ለሁሉ የተሰጠ በረከት ነውና። ጥፋታቸው ከጠጡ በኋላ የሚመጣውን አለማሰባቸው ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ለጥንት እስራኤል ብቻ የተነገረ አይምሰልህ። በአዲስ አበባ የምትቀመጥ ብትሆን በደጅህ የሚወርደው ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀህ ታውቃለህን? ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ከተማውን አቋርጠው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። አዋሽም በቆቃ በኩል አልፎ ለአዳማ ሰዎች የመጠጥ ውኃ፣ ለወንጂ ሸንኮራ መስኖ፣ ለአፋር ግመሎችና ከብቶች መጠጥ ይሆናል። በመጨረሻም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ሌሎች ብዙ ወንዞች የተጣለባቸውን ጕድፍ ተሸክመው ወደ ውቅያኖስ ያደርሱታል፤ በዚያም ዓሣውንና የባሕሩን ወፍ ይጐዳል። አዋሽ ግን ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ ከእኛ የወጣው ሁሉ በገዛ ወንድሞቻችን ዘንድ ይቀራል። ደግሞም ወደ እኛው ይመለሳል። በአቃቂ ውኃ የሚበቅለው ጐመንና ሰላጣ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣልና፤ ሰው ትናንት የጣለውን ዛሬ በዘንቢሉ ሸምቶ ይገባል።

አንዳንድ ሰው፦ ወንዙን ያበላሹት ፋብሪካዎች ናቸው፤ እኔ ምን አደረግሁ? ይላል። የቆዳ ፋብሪካውም ሌላውም ሳያጣራ የሚለቀው ውኃ ብዙ ጥፋት ማድረሱ እውነት ነው፤ ባለቤቱም በሕግ ፊትና በእግዚአብሔር ፊት መልስ ይሰጥበታል። ዳሩ ግን የእርሱ በደል የእኔን እጅ አያነጻም። በክረምት ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ የመጸዳጃ ጕድጓዱን ወደ ጐርፍ የሚከፍተው ማን ነው? ሰው አላየኝም ብሎ ይተኛል፤ በማግሥቱም በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይዘምራል። ጌታችን ለተጠማ ውኃ ያጠጣውን ለእኔ አጠጣኸኝ ብሎ የሚቀበል ከሆነ፣ የተጠማውን ውኃ ያጐደፈውን ምን ይለው ይሆን?

ስለዚህ እያንዳንዳችን በየቤታችን ልናደርገው የሚገባንን እንመልከት።

አንደኛ፤ ዝናብን ተገን አድርጎ የመጸዳጃ ጕድጓድን መልቀቅ ፈጽሞ ይቅር። በመኪና ማስመጠጥ ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን ያንን ገንዘብ እኛ ባንከፍል ከታች ያለችው እናት በልጅዋ ተቅማጥ ትከፍለዋለች። ኮሌራና ታይፎይድ በእንዲህ ያለ ውኃ ይተላለፋሉና።

ሁለተኛ፤ ፌስታልና የውኃ ላስቲክ፣ የቤት ጥራጊም በቦይ አይጣል። ለሚሰበስቡት ሰዎች እናስረክብ፤ ገበያ ስንሄድም ዘንቢል እንያዝ። ላስቲክ አይበሰብስም፤ ቦዩን ይዘጋል፤ ጐርፉም ተመልሶ በወንዝ ዳር በሚኖረው ድኻ ቤት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ያገለገለ የመኪና ዘይት፣ የቀለም ትራፊ፣ የተረፈ መድኃኒትም በውኃ መውረጃ አይፈስስ። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅሞ ለሚወስደው መስጠት ይቻላል። የተባይ መድኃኒት የረጨ ገበሬም የመርጫውን ዕቃ በወንዝ አይጠብ።

አራተኛ፤ ሳሙናና ማዳበሪያ በልክ ይሁን። ከዕርሻና ከከተማ የሚወርደው ማዳበሪያና እድፍ በሐይቅ ውስጥ ለአረም ምግብ ይሆናል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ በእንዲህ ያለ ምግብ የሚፋፋ ነው፤ የዓሣ አጥማጁንም ታንኳ መንገድ ዘግቶበታል። በወንዝ ዳር ያለውን ሣርና ዛፍ ብንተው ግን ወራጁን አፈርና እድፍ ይይዘዋል።

አምስተኛ፤ ውኃን አናባክን። በምድር ካለው ውኃ ሁሉ ጨው የሌለበት ከመቶው 3 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚህም የሚበዛው በረዶ ሆኖ የረጋ ነው። በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ማታ ባልዲ አኑረህ ጧት ተመልከት፤ ባልዲው ራሱ ይሰብክሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። መጸዳጃ በሌለው ጠባብ ሰፈር የምትኖር ችግረኛ እናት ይህን ብታነብ፣ የተጻፈው እርስዋን ለማሳፈር አይደለም። የወፈሩት በጎች እኛ ነን፤ ቧንቧም ገንዘብም አለንና። ሰፈሩ የጋራ መጸዳጃ እንዲሠራ ማዋጣትና ሹሞችን መለመን የእኛ ዕዳ ነው።

ብቻዬን ምን አመጣለሁ የሚል ቢኖር፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለውን ያስታውስ። ወንዙን ያቈሸሸው አንድ ትልቅ እጅ ብቻ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ትንንሽ እጆችም ናቸው፤ የሚያጠራውም እንዲሁ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተነገረው ፍልስጥኤማውያን የአብርሃምን ጕድጓዶች አፈር ሞልተው በደፈኑአቸው ጊዜ፣ ልጁ ይስሐቅ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ አፈሩን አውጥቶ መልሶ ቈፈራቸው እንጂ። እኛም የአባቶቻችንን ውኃ ጐድፎ አግኝተነዋል፤ ያጐደፍነውም ራሳችን ነን። ዛሬ ማታ ባልዲያችንን ወደ ቦይ ልንደፋ ስናነሣ፣ ከታች ጽዋዋን ይዛ የቆመችውን ሕፃን እናስባት። እግዚአብሔር የሚያስብ ልብና ንጹሕ እጅ ይስጠን። አሜን።