ኅዳር ሲታጠን

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ከደጁ ብቅ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ጢስ ነው። ሕፃናት ከየግቢው የተጠረገውን ጥራጊ ያወጣሉ፤ ጎረቤታሞች የከረመውን እራፊና ገለባ በመንገድ ዳር ይከምራሉ፤ ከዚያም እሳት ይለቁበታል። ይህንንም ሕዝቡ «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል። ቀኑ ዛሬ ሥራ ከሚዘጋባቸው የመንግሥት በዓላት አንዱ አይደለም። ነገር ግን ዐዋጅ ሳይነገርለት ሕዝቡ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቶታል። እሳቱን የሚያነዱትን ልጆች ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ «ድሮም ይደረጋል» ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። ምክንያቱ የተረሳ ልማድ ነፍስ እንደ ተለየው ሥጋ ስለ ሆነ፣ የዚህን ቀን ነገር ከሥሩ አንሥተን ልንመለከተው ወደድን።

አስቀድመን ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው። ኅዳር 12 ቀን ቤተ ክርስቲያን የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሚካኤልን በዓል በታላቅ ክብር የምታከብርበት ቀን ነው። ይኸውም በመላእክት ሁሉ ላይ አለቃ ሆኖ የተሾመበትና ሕዝበ እስራኤልን በምድረ በዳ የመራበት የሚታሰብበት ነው። ማኅሌቱ ይቆማል፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፣ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ይደረጋል፣ ዝክር የሚዘክረውም ለነዳያን ያበላል። ይህ ሁሉ ከጥንት የነበረ ሥርዓት ነው። ጥራጊ ማቃጠሉ ግን በመጽሐፍ ያልተሠራ፣ ከአባቶች ቀኖና ያልመጣ፣ ከአንድ ታላቅ መከራ የተወለደ የሕዝብ ልማድ ነው።

መከራውም የመጣው በ1911 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊፈጸም ሲል የተነሣው የኅዳር በሽታ፣ በውጭ አገር «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» የተባለው፣ ዓለምን ዞሮ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። ወደ አገራችንም ገብቶ በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ላይ እጅግ በረታ። በዘመኑ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪም በአልጋ ወራሽነት ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው ማለቁን ገልጸዋል። ሐኪሞቹ ጥቂቶች፣ መድኃኒቱም ያልታወቀ ነበር። ቀባሪ ከመጥፋቱ የተነሣ ብዙዎች በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ከአንድ ቤት አባትና እናት፣ ልጅና አገልጋይ አብረው የወደቁበት ጊዜ ነበርና፣ ውሃ የሚያቀብል እጅ የጠፋበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በሽታው ከተበላሸ አየርና ከተከማቸ ጥራጊ የሚመጣ መስሎት መንደሩን ጠረገ፣ ጥራጊውንም አቃጠለ፣ ቤቱንም አጠነ። ቸነፈሩም የጸናበት ወር የቅዱስ ሚካኤል በዓል የሚውልበት ስለ ነበር፣ ጢሱና ጸሎቱ በአንድ ቀን ተገናኙ። ከዚያም ወዲህ የተረፉት ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለልጅ ልጆቻቸው አስተላለፉት። እንግዲህ የኅዳር ጢስ በመጀመሪያ የሐዘንተኞች ጢስ እንደ ነበረ እናስተውል።

ስለ ቸነፈርና ስለ ዕጣን ስናስብ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 16 የተጻፈው ታሪክ ፊታችን ይቆማል። እስራኤል በሙሴና በአሮን ላይ ባንጐራጐሩ ጊዜ መቅሠፍት ተነሥቶ 14,700 ሰው ሞተ። አሮንም በሙሴ ቃል ጥናውን አነሣ፤ ከመሠዊያው እሳት፣ በእሳቱም ላይ ዕጣን ጨመረ፤ ወደ ሕዝቡም መካከል ሮጠ። በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገር እናገኛለን። እሳቱ ከመሠዊያ የተወሰደ እንጂ ከየትም የተለቀመ አልነበረም። ካህኑ ሮጠ እንጂ አልዘገየም። ከሩቅም ሆኖ ጢስ አልላከም፤ ሞት በደረሰበት ስፍራ በአካሉ ቆመ እንጂ።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ታዲያ የእኛ የኅዳር ጢስ ከየትኛው ወገን ነው? በ1911 ዓ.ም. ከራሳቸው ሕመም ተነሥተው ለጎረቤታቸው ጥሬ የቆሉ፣ ውሃ ያቀበሉ፣ የማያውቁትንም ሬሳ የቀበሩ ሁሉ ስማቸው ባይጻፍም አሮን በቆመበት ስፍራ ቆመዋል። መጽሐፈ ጦቢት የተጣሉትን ሙታን የቀበረውን ጻድቅ የሚያመሰግነው ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን ጢሱ ቀርቶልን መቆሙ እንዳይረሳን እንፈራለን። ጥራጊውን አቃጥሎ በአጥሩ ማዶ የተኛውን በሽተኛ ያልጠየቀ ሰው፣ የአባቶቹን እሳት እንጂ የአባቶቹን ምሕረት አልወረሰም።

ከዚህም ሌላ ልንሰውረው የማይገባ ነገር አለ። የአባቶቻችን ጥራጊ ገለባ፣ ቅጠልና እራፊ ነበር። የእኛ ጥራጊ ግን ፕላስቲክና ጎማ የተቀላቀለበት ነው፤ ጢሱም መርዝ ያለበት ስለ ሆነ ሳንባ የሚያውከውን ሽማግሌ፣ አስም ያለባትን እናት፣ በአንቀልባ ያለውንም ሕፃን ይጎዳል። በሽታን ለማራቅ የተጀመረ ልማድ በሽታን የሚያመጣ ከሆነ የተጀመረበትን ምክንያት አፍርሷል። ስለዚህ መጥረጉ ይጽና፤ መርዙን ማቃጠሉ ግን ይቅር። «የአባቶቻችንን ወግ አፈረሳችሁ» የሚለን ቢኖር፣ አባቶቻችን የፈለጉት የወገናቸውን ሕይወት እንጂ ጢሱን አልነበረም ብለን እንመልስለታለን።

ይህም የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ በዚያም ዓመት ብዙ ምእመናን የትንሣኤን በዓል በየቤታቸው በዋሉ ጊዜ፣ የአያቶቻችን ፍርሃት ምን እንደ ነበረ በጥቂቱ ቀመስነው። እጅ መንሣትና መሳሳም በቀረበት በዚያ ወራት ማን ለማን በር እንዳንኳኳ እያንዳንዳችን በልባችን እናውቃለን።

በስንክሳር በዚሁ በኅዳር 12 ቀን የዱራታዎስና የሚስቱ የቴዎብስታ ታሪክ ይነበባል። እነዚህ ባልና ሚስት ባለጸጎች ሳሉ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል በየወሩ ለድኆች እያበሉ ያከብሩ ነበር። በደኸዩም ጊዜ ዝክሩን ከማስታጐል ይልቅ ልብሳቸውን ሊሸጡ ወደዱ። መልአኩም በመኰንን አምሳል ተገልጦ ረዳቸው፤ በዓሣውም ሆድ ውስጥ 300 ዲናር ተገኘ። እነርሱ በዓሉን ያከበሩት ከማይጠቅማቸው ጥራጊ ሳይሆን ከገላቸው ልብስ መሆኑን ልብ እንበል።

ስለዚህ በመጪው ኅዳር እንዲህ እናድርግ። ካህናት በቅዳሴው በ1911 ዓ.ም. ስማቸው ሳይጠራ በአንድ ጉድጓድ የወረዱትን ሁሉ በጸሎት ያስቧቸው። ወላጆች ልጆቻቸውን መጥረጊያ ሲያስይዟቸው ታሪኩን ይንገሯቸው። እያንዳንዳችንም ደጃችንን ጠርገን ስንጨርስ ከመንደራችን አንድ በሽተኛ እንጠይቅ፤ ውሃም ሆነ እንጀራ ይዘን እንግባ። ያን ጊዜ ኅዳር በእውነት ይታጠናል፤ ዕጣኑም ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከልባችን መሠዊያ ይወጣል።

የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል አማላጅነት አገራችንን ከቸነፈር ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።