«ማን ተነሺ አለሽ?»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

አያቴ ለሱብሒ ውዱእ ልታደርግ ተነስታ እርጥብ ወለል ላይ ወደቀች። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ከተቃጠለ ሳምንት ሆኖታል፤ «ነገ እቀይራለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፁን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ ከአፌ የወጣው «ቢስሚላህ» አልነበረም፤ «ማን ብቻሽን ተነሺ አለሽ?» ነበር። እሷ መሬት ላይ ሆና የወለቀ ሻሿን በእጇ ትፈልጋለች። «ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ አንሸራቶኝ ነው» አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

አላህ በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ወላጆቻችንን «ኡፍ» እንኳን እንዳንላቸው ከልክሎናል። ቃሉን ስለማንናገር የዳንን ይመስለናል። የኛ ቤት «ኡፍ» ግን «አልነገርኩሽም?» ናት። ቁጣችን ከድንጋጤ ነው፤ እውነት ነው። እሷ ግን የምትሰማው ሸክም መሆኗን ነው። ቀጥሎ ስትወድቅ ትደብቃለች። አያቴ ከዚያ በፊት ሁለቴ ወድቃ እንደነበር ያወቅነው ኋላ ላይ ነው።

የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) ከፈረስ ወድቀው ያውቃሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ቀኝ ጎናቸው ተላልጦ ነበር፤ ሰሓቦች ሊጠይቋቸው ሲገቡም ቁጭ ብለው አሰገዷቸው። ወንበር ላይ መስገድ ያሳፍራት ለነበረችው አያቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «እሳቸውም ወድቀዋል?» አለችኝ። በማግስቱ ወንበሩን ራሷ ጠየቀች።

እንግዲህ ሰው ሲወድቅ ብብቱን ይዛችሁ አትጎትቱ። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ጠይቁ፣ ልብሱን አስተካክሉለት። ምንም የማያመው ከሆነ በጎኑ ዞሮ፣ በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ፣ ጠንካራ ወንበር ይዞ ቀስ ብሎ ይነሳ። መቆም ካቃተው፣ ወይም አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላልና ሳታነቃንቁት አምቡላንስ ጥሩ። ወጌሻ ጠርታችሁ እንዳታሳሹ፤ አደራ። ጭንቅላቱን ከተመታና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው። ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ወይም መቀባዠር ካለ ደግሞ ለማንም ቢሆን አትዘግዩ።

አንዳንዱ «ቀደር ነው» ብሎ ያልፈዋል። አዎ፣ መውደቋ በአላህ ቀደር ነው። አምፖሉን መቀየር ግን የኔ ሥራ ነበር። አሁን አምፖሉ ይበራል፣ ወለሉ ይደርቃል፣ ውዱእ የምታደርገው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ከአልጋ ስትነሳም መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ትቀመጣለች፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል።

ገላ መታጠቡ ነው የከበደን። ማን እንዲያግዛት እንደምትፈልግ ጠየቅናት፤ እህቴን መረጠች። ታዲያ ወንዶች፣ ይህን ሰበብ አድርገን ሁሉንም በእህቶቻችን ላይ ጥለን እንወጣለን። ውሃ ማሞቅ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ሌሊት ተነስቶ ማየት ምን ሐያእ ይነካል?

ከጁሙዓ ስመለስ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። «ኢማሙ ምን አሉ?» ትለኛለች። ድሮ «ስለ ሶብር» ብዬ ስልኬን ነበር የማወጣው። አሁን ከመጀመሪያው እነግራታለሁ። ግማሹን እየረሳሁ ስላፈርኩባት ኹጥባውን በደንብ ማዳመጥ ጀምሬያለሁ።

ያ አላህ፣ ለወደቁት ሺፋህን አውርድላቸው። አሚን።