በሁለት ቤት ያደገ ልጅ

ዘጸአት 2፥1-22



ሙሴ ሁለት እናቶች ነበሩት። አንዲቱ ወለደችው፥ አጠባችውም፤ ሁለተኛይቱ ከውኃ አወጣችው፥ ስምም ሰጠችው። በእናቱ ጉያ የዕብራውያንን ቋንቋ ሰማ፤ በፈርዖን ቤት የግብፃውያንን ጥበብ ተማረ። ባደገ ጊዜ ግን ወደ ወንድሞቹ ወጥቶ መከራቸውን አየ። በዚያች ቀን የሕፃንነቱ የዋህነት አለቀ፤ ያሳደገው እንጀራ በወንድሞቹ ላብ የተገኘ መሆኑን ዐወቀና። ቍጣውም ወደ ደም መራው፤ የገደለውንም በአሸዋ ሸሸገው። በማግሥቱ የገዛ ወገኑ ናቀው፤ ፈርዖንም ሊገድለው ፈለገ። ሁለቱም ቤቶች ተዘጉበት። በምድያም የወለደውን ልጅ ጌርሳም ብሎ የጠራው መጻተኛነቱን እያሰበ ነበር።

በእኛም አገር እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ። በኢሉባቦር የተወለደው ሂካ ገና ሕፃን ሳለ ከወገኖቹ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታም ተላለፈ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጥቶ ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ዓ.ም. በፋሲካ ተጠመቀ፤ እኛም የምናውቀው አናሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ ነው። ኋላም ወደ ስዊድን ተሻግሮ ተማረ።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊተረጕም በተነሣ ጊዜ የተሰረቀበት ሀብት ምን ያህል እንደ ነበረ ተገለጠ። በሕፃንነቱ ስለ ተወሰደ የእናቱ ቋንቋ ቃላት ብዙዎቹ አልነበሩትም። እግዚአብሔርም የጐደለውን በሌላ የባርነት ልጅ መላለት። በ1886 ዓ.ም. ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ የአገሯን ቋንቋ አጥልቃ ታውቅ ነበርና ቃላቱን ሰበሰበችለት። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. ታተመ። አናሲሞስም በ1904 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሶ፥ በ1931 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ወገኖቹን አገለገለ።

ወገኖች ሆይ፥ እግዚአብሔር የጠፋውን ሕፃንነት አልመለሰለትም፤ የሸጡትንም ሰዎች በጎ ሠሩ አላለም። ነገር ግን ሁለት አገር የተካፈሉትን ልጅ ለሕዝቡ አፍ አደረገው።

የእኛም ልጆች በቤት አንድ ቋንቋ፥ በትምህርት ቤት ሌላ ይናገራሉ፤ በባዕድ ከተማ የሚያድጉም አሉ። ወደ እኛ ሲመለሱ ንግግራቸው ቢሰበር እንስቅባቸዋለን፤ ልማዳችንን ቢጠይቁ፦ አንተ ማን ነህ? እንላቸዋለን። እንግዲህ በማግሥቱ ሙሴን የናቀውን ሰው መሰልን። ልጁ አፍሮ ዝም ሲል ከእኛ ጋር የተስማማ ይመስለናል፤ ልቡ ግን ወደ ምድያም ሄዷል።

ደግሞም ልጅ የአባቱን ቤት በደል የሚያይበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ነገሩን በአሸዋ አንሸሽገው፤ አሸዋ ደምን አልሸሸገምና። የበደልነውን በልጆቻችን ፊት በእውነት እንናዘዝ፤ ይቅርታ የሚገኝበትን መስቀልም እናሳያቸው። የየዋህነት ዘመን አይመለስም፤ ከእርሱ በኋላ ግን ጸጋ አለ።

ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ከሰይፍ ሸሽቶ በግብፅ ተሰደደ። የመጻተኛን ልጅ ልብ ያውቃል። ስለዚህ በሩን ከፍተን እንቈይ፤ የተሰበረውንም ንግግር በትዕግሥት እንስማ፤ የጐደለውን ቃል እንደ አስቴር እናቀብል። በሁለት ቤት ያደገውን ልጅ ሦስተኛ ቤት፥ እርሱም የአብ ቤት፥ ይጠብቀዋል። አሜን።