ቤት የፈረሰበት ሰው ሲጋብዝ

አደጋ ወደ ደረሰበት ቀዬ ለእርዳታ ሄደው የተመለሱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ያጫወተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ስለ ጉዳቱ ሲጠየቁ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ያፍራሉ። ደስ ብሏቸው ነበራ! ድንጋይ ሲቀባበሉ፣ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ማታ በአንድ አዳራሽ ተደርድረው ሲተኙ፣ ልባቸው እንደዚያ የቀለለበት ጊዜ ትዝ አይላቸውም። ሰው ቤቱንና እህሉን ባጣበት መንደር «ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ» ማለት ደግሞ ለጆሮም ይከብዳል።

ሀፍረቱ ጤነኛ ነው። ደስታውም ሐሰት አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ አደጋ ብዙውን ጊዜ ጋዜጠኛ የሚጠራ ዓይነት አይደለም። ለአጨዳ የደረሰ ገብስ ከሰዓት በኋላ በወረደ በረዶ ይረግፋል። የአንድ ሌሊት ውርጭ የባቄላውን ማሳ አጥቁሮ ያድራል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ ሲቀር፣ ኑሮውን በበልግ ገብስ ላይ የጣለው ብርዳማው ደጋ ለከርሞ የሚዘራውንም ጭምር ይበላል። ፎቶ ቢነሣ የሚታይ ነገር የለም፤ ጎተራው ከውጭ ሲያዩት ሙሉም ሆነ ባዶ ያው ነው። አንዳንዴ ግን መሬቱ ራሱ ይሄዳል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ወይን በተባለው ስፍራ፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣው ተዳፋት ተንሸራቶ ቤቱንም እርሻውንም ይዞ ወረደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ።

ክርስቲያናዊ እርዳታ በዚህ አገር በስፋት የታየው በ1977ቱ ረኀብ ነው። ከግሼ ጋር በሚዋሰነው በአንፆኪያ ሸለቆ ክርስቲያናዊው የእርዳታ ድርጅት ወርልድ ቪዥን የምግብና የሕክምና ጣቢያ ከፍቶ ነበር፤ ረኀቡ ካለፈ በኋላም በሸለቆው ለዓመታት በልማት ሥራ ቆየ። ቀደም ሲል በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም በየአውራጃው ሠርቷል። ይህ ሥራ ነፍስ አድኗል፤ የሚያቃልለው ሰው ረኀብን በዓይኑ አላየም። ሆኖም ስንዴና ዘይት ለመቀበል የተሰለፈ የደጋ ገበሬ አንድ ነገር ቀርቶበታል። ሰጪው ደክሞት ቢያይ እንኳ «አረፍ በል፣ ይቺን ቅመስ» የሚልበት ደጃፍ አልነበረውም። ሰልፍ እንደዚያ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ሁልጊዜ ይሰጣል፣ ከኋላ ያለው ሁልጊዜ ይቀበላል።

የደቦ ሕግ ከዚህ ይለያል። በደቦ ባለ ጉዳዩ ያበላል። ማሳው ለታረመለት፣ ቤቱ ለቆመለት ሰው ማብላትና ማጠጣት ከሥራው ተነጥሎ የሚታይ ውለታ አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ነው። በመንዝ የድንጋይ ካብ ማንሣትና በጓሳ ሣር መክደን አንድ ሰው ብቻውን የሚወጣው ነገር አይደለም። ሣሩ የሚገኝበት የጓሳ ምድር ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሀገሬው የጋራ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ ዓመታት ይዘጋና በፈቃድ ይከፈታል። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈርሶ፣ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ መልክ ተመልሷል።

አንድ ክረምት ግሼ ውስጥ ጎርፍ የናደውን የአንዲት ባልቴት ቤት ግድግዳ ለማንሣት ከሄዱት ጋር ነበርኩ። ምሳችንን ይዘን ነው የወጣነው፤ ዳቦና ቆሎ። የተጎዳን ሰው ማስቸገር ክፉ ነው ብለን አስቀድመን ተማክረናል። ቀትር ላይ ባልቴቷ የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ፣ ጠላ በእንስራ ይዘው መጡ። ጠላው ከጎረቤት የተቀዳ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ጾም ነው ብለን እንዳናመልጥ ንፍሮው የጾም ነው።

«እማማ፣ አይቸገሩ፤ እኛ ይዘናል» አለ ከመካከላችን አንዱ።

«ምነው ልጆቼ? ቤቴን አቁማችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ልትሄዱ? አፈር ስሆን!»

ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጠዋት ጥግ ይዘው ሲያዩን የዋሉት ሴት ከሰዓት በኋላ አዛዣችን ሆኑ። ይህ ድንጋይ ፊቱ ወደ ውጭ ነው፣ ያኛው ለማዕዘን ይሁን፣ አንተ ረጅሙ የካብከው እስከ ጥቅምትም አይቆምም። የረጅሙን ልጅ ካብ አፍርሰው እንደገና አስካቡት፤ ሳቁ ያን ጊዜ ነው የመጣው፣ የእሳቸው ቀድሞ፣ የእኛ ተከትሎ። ጠዋት ያልነበረው፣ ወጣቶቹ ተመልሰው ለመናገር የሚያፍሩበት ደስታ እሱ ነው። እኛ ይዘነው አልሄድንም። ሴትዮዋ ናቸው የሰጡን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት በስምንተኛው ምዕራፍ ስለ መቄዶንያ ምእመናን ያነሣል። እነሱ ራሳቸው በመከራና በከባድ ድህነት ውስጥ ነበሩ፤ ሆኖም ከመዋጮው እንዳይቀሩ አጥብቀው ለመኑ። ደስታ የሚለው ቃል በዚያ ምዕራፍ የተነገረው ስለ እነሱ ነው። በስብከታችን ግን የቀጣዩን ምዕራፍ ደስተኛ ሰጪ እንወስድና ሙሉ ቦርሳ ላለው ሰው እንሰጠዋለን። ድሃው የደስታ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል የሚናገረውን ክፍል እየዘለልን ማለፋችን ይገርመኛል።

ይህን ስል ግን ደስታ ሁሉ ቦታ ይገባል ማለቴ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሰው ሲቀብር፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች በተከታዩ ናዳ ተዋጡ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የእነዚያ ረዳቶች ሥራ ከማንኛችንም ሥራ ይበልጣል፤ ስለ ደስታ ግን የሚጠይቃቸው የለም። በጎ ሥራን ባገኘነው ደስታ መጠን የምንመዝን ከሆነ በዚያ ጭቃ ፊት መቆም አንችልም።

ሀገሬው ግን ደስታና ሐዘን እንዴት አብረው እንደሚቀመጡ ያውቃል። ልቅሶ ቤት ማንም ሊደሰት አይሄድም፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ግን ጎረቤት ማታ ማታ እየተሰበሰበ ሐዘንተኛውን ያጫውታል። ግዴታ ነው። በሦስተኛው ምሽት ስለ ሟቹ ቀልድ የሚያመጣ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሐዘንተኛዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ስትስቅ ማንም አያፍርባትም። ሳቁ እንዲገባ ግን የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዳው ቀድሞ ቢስቅ ይታዘቡታል።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን ግን መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ባጠናውና በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ አማራው ገበሬ ግለኛ ነው፣ በጋራ የመሥራት መንፈሱ ደካማ ነው ብሎ ነበር። ስለ ርስት ሙግት የታዘበው እውነት አለው፤ መንዜ ለአንድ ድንበር ድንጋይ ዓመት ሊከራከር ይችላል። ግን ያው ሰው ውለታ ሳይመልስ ማደር ያንገበግበዋል። የእርዳታ አሠራራችን ይህን መንገብገብ እንደ ችግር ማየቱን ትቶ ቢጠቀምበት ጥሩ ነው።

ለምሳሌ ዘር። በረዶ የመታው ገበሬ ከዱቄት ይልቅ የሚጠይቀው የዘር ገብስ ነው። በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አንድ ጎተራ ቢኖርና ዘሩ በስጦታ ሳይሆን በብድር ቢሰጥ፣ ተበዳሪው አዝመራው ሲገባ የሚመልሰው ለሰጠው ሰው መሆን የለበትም፤ በዚያ ዓመት በረዶ ወደ መታው ቀጣይ አጥቢያ ይሂድ። ዘሩን በአህያ ጭኖ የሚያደርሰውም እሱ ራሱ ይሁን። የከተማ ወጣቶች ከፈለጉ አህያውን ይንዱለት፤ እዚያ ሲደርስ «አፈር ስሆን ቅመስ» የሚባለው እሱ ነው።