እምነት ጦር ያዘምታል?

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገቡ። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ በቦሌ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ፊቱን አዙሮ ወደመጣበት በረረ፤ እሳቸውም ጉባኤውን ሳያዩ ካይሮ ተመለሱ። ተኳሾቹ የግብጹ ጀማዓ ኢስላሚያ አባላት ነበሩ። ከኋላቸው የካርቱም እጅ አለበት ተባለ። የጸጥታው ምክር ቤት ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ በጥር 1988 ጠየቀ፤ ሳታስረክብ ስትቀር በሚያዝያ ማዕቀብ ጣለባት።

ይህን ታሪክ የሃይማኖት ታሪክ አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው። በካርቱም ሥልጣን የያዘው የሐሰን አል ቱራቢ እስላማዊ ንቅናቄ ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ በብዙ ጎረቤቶቿ ዓይን የክርስቲያን መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ጠቡ እየከረረ ሄደ፤ በጥር 1989 የድንበር ከተማዋ ኩርሙክ በሱዳን ተቃዋሚዎች እጅ ስትወድቅም ካርቱም የኢትዮጵያ ወታደሮች ድንበር ተሻግረው ወጉኝ አለች። መስቀልና ጨረቃ ተጋጩ ለሚል ሰው ማስረጃው ሞልቷል። ግን ግንቦት 1990 መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲከፈት አዲስ አበባ ምዕራባዊ ድንበሯ ጸጥ እንዲልላት ፈለገች፤ ተቃዋሚዎቿ አስመራ ላይ የከተሙባት ካርቱምም ወዳጅ ያስፈልጋት ነበር። ያው ፕሬዚዳንት፣ ያው ሸሪዓ በቦታው እያለ ሁለቱ ታረቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሱዳን ነዳጅ በቦቴ ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ጀመር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በሁለቱም ወገን ሃይማኖቱን የለወጠ ማንም የለም።

ከዚህ የምወስደው የምርመራ መንገድ ነው። ዘማቾች በዘመቻቸው ዋዜማ ስለሚናገሩት መከራከር አያዋጣም። አንድ ገዥ «ለእምነቴ ነው» ሲል ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ልቡን ከፍቶ ያየ የለም። እምነትና ጥቅም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱም የትኛው እንደጎተተ ለመለየት አይቻልም። ምስክር የሚሆኑት ሁለቱ የተጣሉባቸው ጊዜያት ብቻ ናቸው፦ እምነት «ሂድ» ጥቅም «ቅር» ያሉባቸው፣ ወይም የተገላቢጦሽ። በእነዚያ ጊዜያት ማን እንዳሸነፈ እንይ።

አጼ ቴዎድሮስ ለዚህ ከማንም የበለጠ ግልጽ ምስክር ናቸው። በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ የቆመው በክርስትና ወንድማማችነት ላይ ነው፤ ቱርክ ያስጨነቀውን ክርስቲያን ክርስቲያን ይርዳው የሚል ተማጽኖ ነበር። እምነት መንግሥታትን የሚያዘምት ቢሆን ኖሮ ለንደን ከዚህ የተሻለ ጥሪ ከየት ታገኝ ነበር? ግን እንግሊዝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክራይሚያ ጦርነት ከሙስሊሟ ቱርክ ጎን ተሰልፋ ክርስቲያን ሩሲያን የወጋች አገር ናት። ደብዳቤው በጊዜው መልስ አላገኘም። ንጉሡ ተቆጥተው ቆንስላውንና ሚስዮናውያኑን ሲያስሩ ግን ያ ለወንድም ያልመጣ ጦር ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀች። ዘመቻው የታሰሩ ዜጎችንና የተደፈረ ክብርን የማስመለስ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ከዝርፊያ አልተረፈም፤ የመድኃኔዓለም ጽላትና ብራና ሳይቀር ተጭኖ ሄደ።

ጣልያን ደግሞ ሌላ ገጽ ታሳየናለች። በጥቅምት 1928 የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ወራሪው ጦር የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያደርስ ሰበኩ። ለመሆኑ መስቀሉ ኢትዮጵያ ከገባ ስንት ዘመኑ ነበር? ይህን ካርዲናሉ ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። በመጋቢት 1929 ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ የእስልምናን ሰይፍ ተቀብሎ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አደረገ። በግንቦት የእሱ ጦር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን ረሸነ። አንድ መንግሥት በሁለት ዓመት ውስጥ በሚላን መስቀል ያዘ፣ በትሪፖሊ ሰይፍ ተቀበለ፣ በሸዋ ገዳም አጠፋ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ተመራማሪ ፋሺዝምን ካቶሊካዊ ወይም ለእስልምና የወገነ ወይም ጸረ ሃይማኖት ሊለው ይችላል፤ ሦስቱን አንድ ላይ ላየ ግን ቋሚው ነገር ግዛቱ ብቻ ነው።

ሌላውን በሩጫ ልለፈው። በ1969 እና 1970 የሶማሊያውን የዚያድ ባሬን ጦር ለመመለስ ሶቭየትና ኩባ ሲመጡ እግዚአብሔርን የካደ ርዕዮተ ዓለም ይዘው ነው የመጡት፤ ሙስሊሟ ደቡብ የመን ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች፤ እስራኤልም ከደርግ ጋር በስውር ትሠራ ነበር። በፖለቲከኞቿ አንደበት የእግዚአብሔር ስም የማይጠፋባት አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የአፍጋን ሙጃሂዶችን አስታጠቀች፤ በ1999 ከኔቶ ጋር ሆና ለሙስሊሞቹ የኮሶቮ አልባኖች ብላ ኦርቶዶክሷን ሰርቢያ ደበደበች። ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2001 ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ጥቂት ቀናት በኋላ «የመስቀል ጦርነት» የሚል ቃል ሲያመልጣቸው ዓለም ደነገጠ፤ ቃሉ ግን ከካቡልም ሆነ ከባግዳድ በፊት የነበሩትን ወዳጅነቶች አላፈረሰም፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ወዳጅነቷ እንዳለ ቀጠለ።

አሁን ወደራሳችን ዘመቻ። ራሳችንን ከኃያላን ተርታ ማሰለፍ አልለመድንም፤ ሞቃዲሾ ላይ ቆሞ ለሚያይ ግን ኃያሏ ጎረቤት ኢትዮጵያ ናት።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ያዘ። በመስከረም መጨረሻ ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አወጁ፤ በታኅሣሥ 1999 የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ ገባ። በሁለቱም በኩል የሃይማኖት ጦርነት ነው የሚሉ ነበሩ፤ የአዲስ አበባ መንግሥት ደግሞ ራስን የመከላከል ነው አለ። ፈተናውን እናቅርብለት። ኢትዮጵያ የገባችው በአብዱላሂ ዩሱፍ የሚመራውን የሽግግር መንግሥት ለማቆም ነው፤ እሱም የሙስሊሞች መንግሥት ነው። ፍርድ ቤቶቹን በመሣሪያ ረድታለች ተብላ በተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች የተጠቀሰችው ደግሞ ኤርትራ ናት፤ በዚያው ዓመት የገዛ ኦርቶዶክስ ፓትርያርኳን ከመንበር ያወረደች፣ ጴንጤዎቿን ያሰረች፣ ለእስላማዊ ንቅናቄም በአገሯ ትዕግሥት የሌላት ኤርትራ። የባድመ ጦርነት ቂም ሞቃዲሾ ድረስ ሄደ ማለት ነው።

መልሱን የሰጠው ግን 2001 ዓ.ም. ነው። በጥር ጦሩ ለቆ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ጂሃድ ያወጁት ሼክ ሸሪፍ ጅቡቲ ላይ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡና ወዲያው ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዲስ አበባ መጡ። ሙባረክ ፊታቸውን አዙረው በሸሹበት ከተማ እሳቸው እንደ አገር መሪ ተቀመጡ። እምነታቸው አልተቀየረም፤ እንዲያውም ሸሪዓ የአገሪቱ ሕግ እንዲሆን ያደረጉት ከተመረጡ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ የተቃውሞ ጩኸት አልተሰማም። የተቀየረው አንድ ነገር ነው፦ ከአዲስ አበባ ጋር የነበራቸው አሰላለፍ።

ጦርነቱ በሙስሊም ሶማሌነት ላይ ነበር የሚል ሰው ቦሌ ሚካኤልን ማስረዳት ይኖርበታል። የመልአኩን ስም የያዘው ይህ የአዲስ አበባ ሰፈር የግመል ሥጋው፣ ሻሂው፣ ሐዋላውና ሱማልኛው ያልተቋረጠበት ነው፤ ከሞቃዲሾ ሸሽተው ከመጡት አንዳንዶቹ መጠጊያ ያገኙትም እዚያው ነው። ጦሩ ወደ ምሥራቅ፣ ስደተኛው ወደ ምዕራብ።

እስካሁን እምነትን ምንም እንደማይሠራ አድርጌ የጻፍኩ ሊመስል ነው። እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ፦ ጥቅም የምንለው ራሱ ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሕዝብ ጥቅሜ ብሎ የሚቆጥረውን፣ ስጋቴ ብሎ የሚፈራውን የሚቀርጸው እምነቱ ቢሆንስ? የአክሱሙ የአጼ ካሌብ ነገር ለዚህ ይጠቀሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 በደቡብ ዓረቢያ የናግራን ክርስቲያኖች ተጨፈጨፉ፤ ካሌብ በ525 አካባቢ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሂምያርን ወጉ። ከዚህ የጠራ የእምነት ዘመቻ የት ይገኛል? ነገር ግን አክሱም ክርስትናን ከመቀበሏ በፊት፣ በሦስተኛው ምዕተ ዓመት፣ ጦሯ ያንኑ ባሕር ተሻግሮ ያንኑ ምድር ወግቷል። ከድሉ በኋላም የቢዛንታይኑ ዮስጢንያኖስ አክሱማውያንን የለመናቸው ከሕንድ ሐር ገዝተው ለሮማ እንዲሸጡ፣ ፋርስንም ከንግዱ እንዲያስወጡ ነበር። እምነቱ ሰዓቱን መርጦ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ቀድሞ የተጠረገ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ካሌብ በመጨረሻ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኮሱ። እምነት በጥቅም ላይ ያሸነፈበትን ጊዜ ስፈልግ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ንጉሡን ከዙፋን ያወረደ፣ ጦር ግን ያላዘመተ ድል።

ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ አይወድቅም። አጼ ምኒልክ በ1883 ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ኢትዮጵያን በአረማውያን መካከል ያለች የክርስቲያን ደሴት ብለው ገልጸዋታል፤ በዚያው ደብዳቤ ድንበሯን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ያደርሱታል። የደሴትነት ስሜት የፍርሃትን መጠን ያሰፋል። በ1988 የሶማሊያው እስላማዊ ቡድን አል ኢትሃድ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ ቦምብ ሲያፈነዳ፣ ሚኒስትሩን ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴንን ሲያቆስል፣ የኢትዮጵያ ጦር በነሐሴ ወደ ሉቅ ተሻገረ። የተመቱት ሚኒስትር ራሳቸው ሙስሊምና ሶማሌ ነበሩ። ያ ትዝታ በ1999 ፍርድ ቤቶቹን ይመሩ ከነበሩት አንዱ የቀድሞው የአል ኢትሃድ ሰው ሐሰን ዳሂር አዌይስ መሆናቸው ሲታወቅ ተነሳ። ስጋቱ እስላማዊ ልብስ ባይለብስ ኖሮ ጦሩ ይቀር ነበር? በ1956 እና በ1969 እስላማዊነት የሌለው የሶማሊያ መንግሥት ድንበር ሲገፋም ውጊያው አልቀረም። ስለዚህ እምነት ስጋቱን አገዘፈው እላለሁ፤ አልፈጠረውም።

የእምነት ጉልበት በእርግጥ የሚታየኝ በሌላው ወገን ነው፤ በተወራሪው። ኃያሉ ለመዝመት ደመወዝ፣ ትእዛዝና አውሮፕላን ይበቁታል። መንግሥቱ የፈረሰበት ሕዝብ ግን ሰው የሚሰበስብበት ሌላ ምን አለው? ሶማሊያ ከ1983 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ማዕከላዊ መንግሥት አልነበራትም፤ ጎሳ ከጎሳ ይዋጋ ነበር፤ ፍርድ ቤቶቹ ራሳቸው የተጀመሩት ሌባ ለመቅጣትና ነጋዴ ለማስከበር በየጎሳው ነው። ከጎሳ በላይ ያለው መስጊዱ ብቻ ነበር። የውጭ ጦር ሲገባ በፍርድ ቤቶቹ ጥላ ሥር አነስተኛ የነበረው አልሸባብ ሞቃዲሾን የሚያናውጥ ኃይል ሆነ። እኛም ይህን ማወቅ አያቅተንም፤ ዓድዋ የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ወጥቷል፤ አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 የተረሸኑት ሕዝቡም ምድሪቱም ለጣልያን እንዳይገዙ አውግዘው ነው። የእኛው ታሪክ በአገሩ ሜዳ የሚያከብረውን በሞቃዲሾ ሰፈሮች አክራሪነት ብቻ ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ አልሸባብ በገዛ ወገኑ ላይ ያደረሰውን ጭካኔ ሳልረሳ።

ይህም ቢሆን ድንበር አለው። ወራሪው ሲወጣ እሳቱ መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም። አልሸባብ ሼክ ሸሪፍን ከሃዲ ብሎ ጦርነቱን ቀጠለ፤ የተገደሉትም ገዳዮቹም ሙስሊሞች ሆኑ። ለመከላከያ የተጠራ እምነት የጠራውን ምክንያት አልፎ ይኖራል፤ ኃያሉ መንግሥት ሲዘምት በሒሳቡ ውስጥ የማያስገባውም ይህንን ነው።

በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈርም የቀጠናው አሰላለፍ እንደገና ተበወዘ። ግብጽ በነሐሴ ለሞቃዲሾ መሣሪያ ላከች፤ በመስከረም 2017 የግብጽ፣ የሶማሊያና የኤርትራ መሪዎች አስመራ ላይ ተቀመጡ፤ በታኅሣሥ አዲስ አበባንና ሞቃዲሾን አንካራ አስማማቻቸው። በዚያ ሁሉ ምልልስ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው የባሕር በር፣ የሉዓላዊነትና የንግድ ጉዳይ ነው። ጂሃድ ብሎ የጮኸው አልሸባብ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለድርድሩ የጠራው የለም።